ከባዜቃ እስከ ስቴንት፦ የተዘጋ አንጀት ታሪክ



በቋንቋችን አንጀት የማይገባበት ነገር የለም። ያሳዘነን ሰው አንጀታችንን ይበላዋል፤ የናፈቅነው ልጅ ሲመጣ አንጀታችን ይርሳል፤ ጨካኙን አንጀት የለውም እንላለን። አንጀት ራሱ ሲታመም ግን ዝም እንላለን። ስለ ሰገራና ስለ ጋዝ ማውራት ነውር ሆኖብን፣ ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን ያልተጸዳዳች እናት "ትንሽ ሆዴን ቆረጠኝ" ብላ ታልፈዋለች።

በዚህ ዓመት ብቻ የማኅበራችን የጤና ኮሚቴ ጥየቃ በሄደባቸው ሦስት ቤቶች "አንጀቷ ተዘግቷል" የሚለውን ቃል ሰምቷል። ሦስቱም ሕመምተኞች ካንሰር ያለባቸው፣ ሰውነታቸው የከሳ፣ ለትልቅ ኦፕራሲዮን አቅም የሌላቸው ነበሩ። የቤተሰቡም ጥያቄ በሦስቱም ቤት አንድ ነበር፤ "ሆዷ ሳይከፈት የሚሆን ነገር የለም ወይ?" ከመካከላችን ሁለታችን በነርስነት የሠራን ስለሆንን መልሱን ለመጻፍ ተቀመጥን። መልሱ "አለ፣ ግን ለሁሉም አይደለም" የሚል ነው። ለምን ለሁሉም እንዳልሆነ የሚገባው ደግሞ ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ሲታወቅ ነውና ታሪኩን አቅርበንላችኋል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። አንጀት ረጅም ቧንቧ ነው። የምንበላውና የምንጠጣው ብቻ ሳይሆን ሰውነታችን ራሱ በየቀኑ ብዙ ሊትር ፈሳሽ ያፈስበታል፤ ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት። ጤነኛ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ይመጠዋል። አንድ ቦታ ላይ ሲዘጋ ግን ከመዘጊያው በላይ ያለው ሁሉ ይጠራቀማል። ሆድ ይነፋል፣ ቁርጠት ይመጣል፣ ትውከት ይከተላል፣ ጋዙም ሰገራውም ይቆማል። ስለዚህ "ምንም አልበላችም እኮ፣ ምኑን ነው የምታስመልሰው?" የሚለው የጠያቂ ሁሉ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፤ የምታስመልሰው የራሷን ሰውነት ፈሳሽ ነው። የተወጠረው ግድግዳ ደም ካጣ ደግሞ ይሞታል፣ ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው የሰዓታት ነው።

በአገራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው "አንጀት ታጠፈ" የሚባለውን ነው፤ ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ። ካንሰር ሲዘጋው ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ከአንጀቱ ከራሱ ውስጥ የበቀለ ዕጢ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ሆኖ ሲያንቀው ነው። ሁለተኛው፣ ከሌላ ቦታ የተነሣ ካንሰር፣ በሴቶች ብዙ ጊዜ ከኦቫሪ የሚነሳው፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትኖ አንጀቱን ከውጭ በብዙ ቦታ ሲጨብጠው ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የጥንት ግሪኮች፣ በሂፖክራተስ ስም በተላለፉት መጻሕፍት እንደምናገኘው፣ የተዘጋ አንጀት ያለበትን ሰው በወናፍ ከታች አየር ይነፉለት ነበር። አንጥረኛ ፍም የሚያነድበት ዓይነት ወናፍ ማለት ነው። ያስቃል፤ ነገር ግን የዛሬው ሐኪምም በኢንዶስኮፕ ሲገባ መንገዱን የሚከፍተው አየር እየነፋ ነው። ሌላው መድኃኒት ያን ያህል አያስቅም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ሕመምተኛውን ባዜቃ ያጠጡት ነበር። ባዜቃ ከብረት የከበደ ፈሳሽ ስለሆነ በክብደቱ የተዘጋውን ገፍቶ ያልፋል ብለው ነው።

በ1776 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ፒዮር የሚባል ቀዳጅ ሐኪም ፊት የቀረበው የወይን ጠጅ ነጋዴ ከዚህ ባዜቃ ሁለት ፓውንድ ገደማ ጠጥቶ ነበር። ፊንጢጣው አካባቢ ካንሰር ነበረበት፤ ባዜቃው አልወጣም። ፒዮር ሆዱን በስተቀኝ ከፍቶ የትልቁን አንጀት መጀመሪያ ከቆዳው ጋር ሰፋውና ሰገራው በዚያ እንዲወጣ አደረገ። ሰውዬው ተነፈሰ፣ ሆዱ ሟሸሸ። ይሁን እንጂ አንድ ወር ሳይሞላው ሞተ፤ ሬሳው ሲመረመር የገደለው ኦፕራሲዮኑ ሳይሆን ትንሹ አንጀት ውስጥ የቀረው ባዜቃ ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ጥገናው ሠርቷል፤ የተበላሸው ከእሱ በፊት በተሰጠው መድኃኒት ነው።

ሐሳቡ ከፒዮር በፊት የነበረ ነው። ሊትሬ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በ1710 ፊንጢጣው ሳይከፈት ተወልዶ የሞተ ሕፃን ሲመረምር፣ አንጀቱን አውጥቶ ከሆድ ቆዳ ጋር መስፋት ይቻል ነበር ብሎ ተናግሯል። በ1793 ዱሬ የሚባለው ሐኪም በብሬስት ከተማ በሦስት ቀን ሕፃን ላይ አደረገው፤ ያ ሕፃን እስከ 45 ዓመቱ ኖረ። ዛሬ ኮሎስቶሚ የምንለው እንዲህ ተጀመረ።

በ1838 ብሩሴ የሚባለው የፓሪስ ዝነኛ ሐኪም ሞተ። ብሩሴ ለሁሉም በሽታ አልቅት በማስመጠጥ የታወቀ ነበር፤ ራሱን የገደለው ግን ፊንጢጣው ላይ የበቀለ ካንሰር አንጀቱን ዘግቶበት ነው። አሙሳ የሚባለው ቀዳጅ ሐኪም በዚህ ሞት እጅግ አዘነ። በዓመቱ በ1839 ሆድን ከፊት ሳይነካ በወገብ በኩል ትልቁን አንጀት የሚከፍትበትን መንገድ አወጣ። ለምን በወገብ? በዚያ ዘመን ማደንዘዣ የለም፤ ጀርም የሚባል አይታወቅም፤ የሆድ ዕቃን የሸፈነው ስስ ሽፋን የተነካ ሰው በአብዛኛው ይሞታል። በወገብ በኩል ግን ሽፋኑን ሳይነኩ አንጀቱ ጋ መድረስ ይቻላል። "ትንሽ ነክቶ ማለፍ" የሚለው ሐሳብ የዛሬ ሰዎች የፈጠሩት የሚመስላት ካለች አሙሳን ታስታውስ።

ኤተር በ1846 መጣ፣ የሊስተር ንጽሕና በ1867። ከዚያ በኋላ ቀዳጆች ደፈሩ። በ1881 ቪየና ላይ ቢልሮት ካንሰር የያዘውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ በማውጣት የመጀመሪያውን የተሳካ ሥራ ሠራ፤ ሕመምተኛዋ የ43 ዓመት ሴት፣ የስምንት ልጆች እናት ነበረች። ከኦፕራሲዮኑ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ካንሰሩ ተመልሶ ከጥቂት ወራት በኋላ ገደላት። በዚያው ዓመት ረዳቱ ቮልፍለር፣ ሊወጣ የማይችል ዕጢ ያለበትን ጨጓራ ከትንሹ አንጀት ጋር በሌላ በር አገናኘው። ዕጢውን አልነካውም፤ መንገድ ብቻ ቀየረ። እኛ ከሁለቱ ሥራዎች ሁለተኛውን እናደንቃለን። የመጀመሪያው ዝናውን ወሰደ፣ ሁለተኛው ግን "ማዳን ባይቻልም መብላት ማስቻል ይቻላል" የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ከረጢቱ ካልተናገርን ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ከዱሬ ዘመን ጀምሮ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኮሎስቶሚ የተደረገለት ሰው በጨርቅ፣ በጎማና በማሰሪያ ነበር የሚኖረው። ሽታው ሰው መሐል አያስቀምጥም። በ1954 ኤሊዘ ሶረንሰን የምትባል ዴንማርካዊት ነርስ፣ ቶራ የምትባል እህቷ በኦፕራሲዮን ሆዷ ላይ በር ከተከፈተላት በኋላ ከቤት መውጣት አፍራ እንደቀረች አየች። ኤሊዘ በቆዳ ላይ የሚለጠፍና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ከረጢት አሰበች። ያናገረቻቸው ፋብሪካዎች አልተቀበሏትም። በመጨረሻ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት፣ እሱም በመጀመሪያ ሊመልሳት ሲል ነርስ የነበረችው ሚስቱ ጎትጉታው፣ ሠራው። ኮሎፕላስት የሚባለው የዓለም ድርጅት በ1957 የተመሠረተው በዚህ ከረጢት ነው። አንድ እህት ለእህቷ ስትል፣ አንዲት ሚስት ደግሞ ስትጎተጉት። ከረጢት የያዙ አባላቶቻችን በወርሃዊው ስብሰባ ከኋላ ወንበር እንደሚቀመጡ አይተናል፤ ይህን አንቀጽ በተለይ ለእነሱ ጽፈነዋል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኦፕራሲዮኑ እየተሻሻለ ቢሄድም አንድ ችግር አልተፈታም። አንጀት ሲዘጋ የሚደረግ ኦፕራሲዮን የድንገት ነው። ሕመምተኛዋ ቀናት አልበላችም፣ ውሃዋ አልቋል፣ አንጀቷ በሰገራ ተሞልቶ ተወጥሯል፤ በዚያ ላይ ካንሰር። ተዘጋጅቶ በቀጠሮ ከሚደረገው ይልቅ በድንገት የሚደረገው ብዙ ሰው ይገድላል፤ በዕድሜ የገፉና አቅም ያጡ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሐኪሞች የጠየቁት "እንዴት እንቅደድ?" የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ "እስከዚያ እንዴት እናስተንፍሳት?" የሚለውንም ነው።

ከላይ በኩል መልስ የሰጠው ዋንገንስቲን ነው። በሚኒያፖሊስ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፍንጫ እስከ ጨጓራ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ፈሳሹን ቀስ እያለ የሚመጥ ዘዴ አበጀ። ዛሬም በየሆስፒታሉ ከአልጋው ጎን ጠርሙስ ውስጥ አረንጓዴ ፈሳሽ ሲወርድ የምታዩት እሱ ነው። ብዙ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን የታመመ ሰው ጠይቁ፤ ቱቦው ጉሮሮ ይፍቃል፣ አፍንጫ ያቆስላል። ለሦስት ቀን ይቻላል፣ ለቀሪ ዕድሜ ግን አይቻልም።

ከታች በኩል ለመግባት መጀመሪያ ማየት ያስፈልግ ነበር። ቦዚኒ የሚባል የፍራንክፈርት ሐኪም በ1806 ሻማ የሚበራበትና መስተዋት ያለው ቱቦ አሠርቶ የሰውነትን ውስጥ ለማየት ሞከረ፤ የቪየና ሊቃውንት አሻንጉሊት ነው ብለው ጣሉት። ኩስማውል በ1868 ቀጥ ያለ ቱቦ እስከ ጨጓራ ማስገባት እንደሚቻል ያሳየው በሰይፍ ዋጭ ነው፤ የአደባባይ ትርኢት አሳይቶ የሚያድረውን ሰው ጠርቶ። በ1932 ሺንድለር በከፊል የሚተጣጠፍ መሣሪያ አወጣ። ሺንድለር ሲሠራ የሕመምተኛውን ራስ ይዛ የምታረጋጋው ሚስቱ ጋብሪኤለ ነበረች። ራስ መያዝ ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ፤ ጠንካራ መሣሪያ በጉሮሮ ሲገባ ራሱ በትንሹ ከዞረ ሊበሳ ይችላል። ናዚዎች ሲያሳድዷቸው ወደ ቺካጎ ተሰደዱና የአሜሪካ ሐኪሞችን ሥራውን አስተማሩ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ታጥፎ መሄድ እንደሚችል ሲታወቅ ነው። ሆፕኪንስና ካፓኒ በ1954 እንግሊዝ አገር ይህን ጻፉ። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሂርሾዊትዝ ሚሺጋን ውስጥ፣ ከርቲስ ከሚባል ገና ተማሪ ከሆነ ወጣት ጋር ሆኖ የክር ጥቅሉን ሠሩ፤ በ1957 ሂርሾዊትዝ መጀመሪያ የዋጠው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ አንጀት የሚገባው ኮሎኖስኮፕ ተከተለ። በ1969 ሺንያና ዎልፍ ኒው ዮርክ ላይ ሆድ ሳይከፍቱ በዚያው መሣሪያ አንጀት ውስጥ ያለ ትንሽ ዕጢ ቆርጠው አወጡ። መመልከቻው የሥራ መሣሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ቅርብ የሆነ አንድ ምዕራፍ አለ። ብሩስጎርድ የሚባል የኖርዌይ ሐኪም በ1947 ያሳተመው ጽሑፍ፣ የተጠመዘዘውን የትልቁ አንጀት ክፍል በፊንጢጣ በገባ መሣሪያና ቱቦ ማስተንፈስ እንደሚቻል፣ በአብዛኞቹም እንደተሳካ አሳየ። ኢትዮጵያ ይህ የአንጀት መጠምዘዝ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። አንጀቱ ገና ካልሞተ ቱቦው ሲገባ ጋዙና ሰገራው ፈንድቶ ይወጣል፤ ሕመምተኛው እዚያው አልጋው ላይ ይተነፍሳል፤ ኦፕራሲዮኑ ተረጋግቶ በቀጠሮ ይደረጋል። ከመካከላችን አንዷ ለነርሶች የሚታደለውን የጎማ ሽርጥ ያደነቀችው በዚያን ቀን ነው። ለካንሰሩም የተፈለገው ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ ማስተንፈስ፣ ከዚያ ማሰብ። ነገር ግን የተጠመዘዘ ነገር ሲፈታ ይከፈታል፤ ዕጢ ግን ቱቦው ሲወጣ ተመልሶ ይዘጋል። ውስጡ የሚቀር ነገር ያስፈልግ ነበር።

ሲሞንድስ የሚባል የለንደን ሐኪም በ1880ዎቹ በካንሰር የጠበበ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ትቶ ሰው እንዲውጥ አድርጓል። ለአንጀት ግን ጠንካራ ቱቦ አይሆንም፤ መንገዱ ጠማማ ነው። መልሱ ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ቡለር የሚባል ባለሙያ ለሚሳይል ጫፍ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ኒኬልና ቲታኒየም ቀላቀለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ተጣጥፎ የነበረውን ቁራጭ አንዱ ተሰብሳቢ በፒፓ ማቀጣጠያው ሲያሞቀው ብረቱ ራሱ ተዘረጋ። ብረቱ የቀድሞ ቅርጹን ያስታውሳል። ስሙንም ከሁለቱ ማዕድናትና ከላቦራቶሪው ስም አውጣጥተው ኒቲኖል አሉት። ለጦር የታሰበ ብረት የታመመ አንጀት መክፈቻ ሆነ።

ስቴንት የሚሠራው ከዚህ ብረት ነው፤ እንደ ወንፊት የተጠለፈ ቱቦ። ቃሉ ስቴንት ከሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ስም እንደመጣ ይነገራል። ሥራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛዋ ከታች ታጥባ፣ የሚያደነዝዝ ሳይሆን የሚያረጋጋ መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጥቷት በጎኗ ትተኛለች። ኢንዶስኮፑ እስከ ዕጢው ይገባል። በጠበበው ቀዳዳ ውስጥ በጣም ቀጭን ሽቦ ይሾልካል፤ ከማዶ መውጣቱ በራጅ ይታያል። ተጨምቆ እንደ እርሳስ የቀጠነው ስቴንት በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይገባና ይለቀቃል። ወዲያው መከፈት ይጀምራል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይደርሳል። ሲሳካ፣ ከአሥር ሙከራ ዘጠኝ ገደማው ቦታውን ይይዛል፣ ጋዙና ሰገራው ክፍሉ ውስጥ እያሉ መውረድ ይጀምራል። ሆድ አልተከፈተም፣ ስፌት የለም፣ ከረጢት የለም።

በ1991 ዶህሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ኦፕራሲዮን ለማይችሉ ሕመምተኞች ይህን ማድረጉን ጻፈ። በ1994 ደግሞ ቴሄሮና ባልደረቦቹ ስፔን ውስጥ ሌላ አጠቃቀም አሳዩ፤ ስቴንቱ እንደ ድልድይ ሆኖ አንጀቱ ይተነፍሳል፣ ሰውየው ይበረታል፣ ከዚያ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ስቴንቱ በፍጥነት ተስፋፋ። ከጨጓራ መውጫ ላይም መግባት ጀመረ፤ ቮልፍለር በቢላዋ የሠራውን መንገድ ብዙ ጊዜ ያለ ቢላዋ ማግኘት ተቻለ።

ደስታው ግን ሳይፈተን አልቀረም። ሆላንዳውያን ሐኪሞች ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው፣ ገሚሱን በስቴንት ገሚሱን በኦፕራሲዮን አወዳደሩ። መዳን በማይችሉ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት በ2008 ሲታተም፣ በስቴንቱ ወገን አንጀት የተበሳባቸው በመብዛታቸው ከጊዜው በፊት መቆሙ ተገለጠ። ሁለተኛው፣ እንደ ድልድይ የተጠቀሙበት፣ በ2011 ታተመ፤ እሱም ቆሞ ነበር። በ2014 የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች ማኅበር መዳን ለሚችል ሰው ስቴንትን እንደ ተራ መጀመሪያ ምርጫ አትያዙ አለ፤ ዕድሜው ከ70 በላይ ለሆነና ለድንገተኛ ኦፕራሲዮን ለሚያሰጋ ሰው ግን ሊታሰብ ይችላል አለ። በኋላ የመጡ ጥናቶች፣ በተለይ የእንግሊዞቹ፣ ጥሩ እጅ ሲሠራው ከረጢት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንደሚቀንሱ፣ የካንሰሩም ውጤት እንደማይከፋ አሳዩ። በ2020 ማኅበሩ መመሪያውን አለሳለሰው፤ ከሕመምተኛው ጋር ተመካክራችሁ እንደ አንድ አማራጭ አቅርቡ አለ። መዳን ለማይችለው፣ ለደከመው ሰው ግን በ2014ም በ2020ም ስቴንትን ደግፎታል።

"ከሕመምተኛው ጋር ተመካክራችሁ" የሚለው እኛ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል? እንነጋገርበት። በጎበኘናቸው ሦስት ቤቶች በሁለቱ ሕመምተኛዋ ካንሰር እንዳለባት አልተነገራትም ነበር። ልጆቿ ያውቃሉ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ እኛም አወቅን፤ እሷ ግን "የጨጓራ ነው" ተብላለች። በአንደኛው ቤት ታላቅ ወንድ ልጅ በኮሪደር ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለእናቱ ወሰነ። ክፋት አልነበረበትም፤ መርዶ ማቅለል ለምደን፣ የታመመን ሰው ተስፋ ማሳጣት ኃጢአት መስሎን ነው። ነገር ግን ከረጢት ይዞ ሁለት ዓመት መኖርን ወይስ ስቴንት ገብቶ ሊበሳ የሚችልበትን አደጋ ተቀብሎ ያለ ከረጢት ስድስት ወር መኖርን የሚመርጠው ሆዱ የእሱ የሆነው ሰው ነው። እትዬ የሚሏት ሁሉ የሚታዘዟት፣ በዕድር ብር ቆጥራ የምትከፍል፣ ለልጆቿ ቤት የሠራች ሴት ስለ አንጀቷ አትጠየቅም ማለት ለእኛ አይዋጥልንም። ሁሉም እናት ማወቅ ትፈልጋለች አንልም፤ "አትንገሩኝ፣ ልጄ ይወስን" የምትልም አለች። ያንንም ቢሆን የምትለው ተጠይቃ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደያዛችሁልን ልዩነት እንመለስ። ስቴንት የሚረዳው መዘጊያው አንድ ሲሆን ነው፤ በተለይ በትልቁ አንጀት በግራ በኩል ወይም በጨጓራ መውጫ። ፊንጢጣው በር ላይ ከሆነ ያማል፣ ሰገራም አያስይዝም። የኦቫሪ ካንሰር አንጀቱን በአምስት ቦታ ጨብጦት ከሆነ ደግሞ አንዱን ቢከፍቱ አራቱ ይቀራሉ። ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቷ ደካማ ሴት ብዙ ጊዜ አይሆንም። እንግዲህ ምን ይደረግ?

በ1979 ክሊቭላንድ ላይ ጋውደረርና ፖንስኪ መዋጥ ለማይችል ሕፃን በኢንዶስኮፕ እየተመሩ ከሆድ ቆዳ ወደ ጨጓራ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ለማብላት ነበር። በኋላ ሌሎች ሐኪሞች ነገሩን ገለበጡት። በዚያው ቱቦ ማብላት ትቶ፣ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ውጭ ማስወረድ። በአፍንጫ ያለው ቱቦ ይወጣል። ትውከቱ ይቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል። ሴትየዋም ሾርባ፣ ሻይ፣ ጭማቂ በአፏ ትቀምሳለች፤ የዋጠችው በቱቦው ይወጣል፣ ጣዕሙ ግን ይቀርላታል። ቀላል ነገር አይደለም። ሆድ ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸው ላይ ሥራው ይከብዳል፣ ለሁሉም አይሆንም።

ሌላው መንገድ ምንም ቱቦ የሌለው ነው። ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሕመምተኞች ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻ ሐኪም ሆና በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርን ከፈተች፤ መዳን የማይችሉ ሰዎች ያለ ሥቃይ የሚያርፉበት ቤት። የሥራ ባልደረባዋ ዶክተር ሜሪ ቤይንስ ከሌሎች ጋር በ1985 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ አንጀታቸው በካንሰር የተዘጋ ሰዎች ያለ ኦፕራሲዮን፣ ያለ አፍንጫ ቱቦና ያለ ጉሉኮስ፣ በመድኃኒት ብቻ ሊታገዙ እንደሚችሉ አሳየች። ሞርፊን ለሥቃዩ፣ ቁርጠትን የሚያላላ፣ ማቅለሽለሽን የሚያስቆም መድኃኒት፤ በአፍ ካልሆነ ከቆዳ ሥር በቀጭን መርፌ። ትውከቱ በሁሉም ፈጽሞ ባይቆምም ሊቻል የሚችል ሆነ፤ ሥቃዩ ረገበ። በኋላ የአንጀትን ፈሳሽ የሚቀንሰው ኦክትሪዮታይድ ተጨመረ። ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ይልቅ ለአገራችን የሚቀርበው ይህ ይመስለናል። ስቴንት ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የሚያስገባውም እጅ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ራጅና ኢንዶስኮፕ አንድ ክፍል ውስጥ ያስፈልጋሉ። መድኃኒቶቹ ግን ቤት ድረስ ይመጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በዚህ የማስታገሻ ሥራ ላይ ይገኛል፤ ኮሚቴያችንም ሥራቸውን የምታውቅ አባል አለችው።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ መዘጊያው አንድ ቦታ ነው ወይስ ብዙ? በስተግራ ነው በስተቀኝ? ካንሰሩ ሊወጣ ይችላል ወይስ የምንፈልገው ማስተንፈስ ብቻ ነው? ስቴንቱን የሚያስገባው ሐኪም ስንት ጊዜ ሠርቶታል? ኬሞ ይቀጥላል ወይ? የመጨረሻው ተራ ጥያቄ አይደለም፤ ቤቫሲዙማብ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስቴንት ሲገባለት የመበሳት አደጋው ስለሚጨምር ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስቴንት የገባላት ሰው ቤት ከተመለሰች በኋላ የሚያገለግላት ለስላሳ ምግብ ነው፤ የተፈጨ አጥሚት፣ በደንብ የበሰለ ሽሮ፣ ብዙ ፈሳሽ። ጥሬ ጎመን፣ ቆሎ፣ የበቆሎ እሸት፣ የብርቱካን ሥጋ ወንፊቱ ላይ ስለሚያዙ ይቅሩ። ሰገራው እንዳይደርቅ ሐኪም የሚያዘው ማለስለሻ አይቋረጥ። ሆዷ ድንገት በኃይል ከወጋት፣ እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ማታ ነው፣ እሁድ ነው ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። መኪና ያጣ ቤት ለጤና ኮሚቴው ይደውል፤ ተረኛዋ ማን እንደሆነች በየወሩ ከመዋጮ ደብተሩ ጀርባ ይጻፋል።